ሰላም በደመወዝ ሲገዛ

የደቡብ ሱዳንን ተሞክሮ በተመለከተ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎረቤታችን ነው። ባሮ ጋምቤላን አልፎ፣ ድንበሩ ላይ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ሄዶ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ኑዌርና አኙዋ በዚህም በዚያም አሉ። ስለዚህ ደቡብ ሱዳንን ስናነሳ የሩቅ አገር ወሬ አናወራም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ይህች አገር ነፃነቷን ያወጀችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላት የእርስ በርስ ጦርነት ገባች። ከዚያ ወዲህ የተፈረመው ወረቀት ብዛት ያታክታል፤ ተኩስ አቁም፣ እንደገና ተኩስ አቁም፣ የሰላም ስምምነት፣ የታደሰ የሰላም ስምምነት፣ የተራዘመ የሽግግር ጊዜ። ዋና ዋናዎቹ የተፈረሙት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ፊርማ ሰላም ያላመጣው ለምንድን ነው?

«ዲንካና ኑዌር ስለማይዋደዱ ነው» የሚል መልስ በየቦታው ትሰማላችሁ። ግጭቱ የብሔር መልክ መያዙን ማንም አይክድም፤ ሰዎች በቋንቋቸውና ግንባራቸው ላይ ባለው ጠባሳ እየተለዩ ተገድለዋል። ነገር ግን እነዚህ ሕዝቦች በከብትና በግጦሽ ሲጋጩም፣ ሲታረቁም፣ ሲጋቡም የኖሩ ናቸው። አገር የሚያፈርስ ጦርነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። እኔ የማምነውን በአጭሩ ላስቀምጠው፤ በደቡብ ሱዳን ሰላም ማለት በታጠቁ ሰዎች መካከል የመንግሥትን ካዝና መከፋፈል ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሰላም ካዝናው እስኪጎድል ድረስ ብቻ ይቆያል። ካዝናው ሲጎድል ደግሞ ድርሻን የማስከበሪያው መንገድ ጠመንጃ ይሆናል። ይህን አባባሌን በታሪኩ ላሳያችሁ።

ከ1972 ልጀምር። በዚያ ዓመት፣ የመጀመሪያው የሱዳን ጦርነት ከተጀመረ 17 ዓመት ሆኖት ሳለ፣ የካርቱም መንግሥትና የደቡቡ አኛኛ ተዋጊዎች በአፄ ኃይለ ሥላሴና በአብያተ ክርስቲያናት አሸማጋይነት አዲስ አበባ ላይ ታረቁ። ደቡቡ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ አስተዳደር አገኘ። ስምምነቱ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ቆየ፤ ለአካባቢያችን ይህ ረጅም ዕድሜ ነው። በኋላ ያፈረሱትም ራሳቸው ያስፈረሙት ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ ናቸው፤ በ1983 ደቡቡን ሦስት ቦታ ከፈሉት፣ የሸሪዓ ሕግም አወጁ። በመካከሉ ግን አንድ ነገር ሆኗል። በ1978 ሼቭሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ አገኘ። ገቢው ወደ ማን ይሂድ፣ ማጣሪያው ሰሜን ይሁን ደቡብ የሚለው ጥያቄ ስምምነቱን ከውስጥ ሲበላው ከረመ።

በ1983 በጆን ጋራንግ የሚመራው የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር (ኤስፒኤልኤ) ተመሠረተ። ደርግም መሣሪያውን፣ ሥልጠናውን፣ ሬዲዮኑን ሰጠው። ጋምቤላ ውስጥ ኢታንግ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ሰፈሩ። ደርግ ሲወድቅ እነዚያ ስደተኞች ካምፑን ጥለው ተመለሱ። በዚያው በ1991 ንቅናቄው ራሱ ተሰነጠቀ፤ ከአዛዦቹ አንዱ የነበሩት ሪክ ማቻርና ባልደረቦቻቸው ከናስር ሆነው በጋራንግ ላይ ተነሡ፣ ቦር ላይም ብዙ የዲንካ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከሃያ ዓመት በላይ በፈጀው በዚያ ሁለተኛ ጦርነት ደቡቦች ከካርቱም ጋር ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ተዋግተዋል። ይህን ያነሳሁት ቂሙ በኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 ናይሮቢ ላይ ሁሉን አቀፍ የተባለው የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ደቡቡ ከራሱ ጉድጓድ ከሚወጣው ነዳጅ ገቢ ግማሹን እንዲያገኝ ተወሰነ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጁላይ 30፣ ጋራንግ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቱ፤ ምክትላቸው ሳልቫ ኪር ተተኩ። ትናንት ጫካ ውስጥ ሆኖ በቆሎ ለማግኘት የእርዳታ አውሮፕላን ይጠብቅ የነበረ አዛዥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀስበት መሥሪያ ቤት ላይ ተቀመጠ። ዋና ከተማዋ ጁባ ያኔ አስፋልት የላት፣ መብራት የላት፣ ልምድ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ የላት፤ ገንዘቡ ግን መጣ።

ኪር አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረባቸው። በካርቱም ይደገፍ የነበረውና በአብዛኛው ኑዌሮች የነበሩበት የፓውሊኖ ማቲፕ ሠራዊት እዚያው ደቡብ ውስጥ ነበር። ይዋጉት ወይስ ያስገቡት? በጃንዋሪ 2006 የጁባ መግለጫ በተባለው ስምምነት አስገቡት። ማቲፕ ምክትል ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ፤ ተዋጊዎቻቸው በመንግሥት የደመወዝ መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ይህ ውሳኔ የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል ብዬ አምናለሁ፤ እመለስበታለሁ። ችግሩ ልማድ መሆኑ ነው። ያኮረፈ አዛዥ ጥቂት መቶ ሰው ይዞ ጫካ ይገባል፤ ሁለት ሦስት መንደር ይመታል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ምሕረት ይታወጃል፤ ሰውየው ከፍ ባለ ማዕረግ ይመለሳል። በነፃነት ዓመት፣ በ2011፣ ሠራዊቱ ከ700 በላይ ጄኔራሎች ነበሩት። ዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ጦር ያላቸው ብዙ አገሮች እንኳ ይህን ያህል ጄኔራል የላቸውም።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። አንድ አዛዥ አንድ ሺህ ወታደር አለኝ ብሎ የስም ዝርዝር ያቀርባል እንበል። ደመወዙ በወታደሩ የባንክ ደብተር አይገባም፤ ጥሬ ገንዘቡ ለአዛዡ ይሰጣል። ከአንድ ሺው ስም ውስጥ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ ስንቱ ከነጭራሹ ያልተወለደ እንደሆነ የሚያውቀው አዛዡ ብቻ ነው። በስም ብቻ ያሉት ወታደሮች ደመወዝ የእርሱ ነው። ከዚያ ላይ ለዘመድ ይሰጣል፣ ለጥሎሽ ከብት ይገዛል፣ ለታመመ ያሳክማል፣ ለሞተ ያስቀብራል። ስለዚህ ወታደሩ የሚያውቀው መንግሥት አዛዡን ነው። አዛዡ ነገ ቢሸፍት ወታደሩ ለማን ብሎ ይቀራል? በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሌብነት የአንድ ሰው የጠባይ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሠራዊቱን አንድ ላይ ያሰረው ገመድ እርሱ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን እኛ እንደ ተረት እንናገረዋለን፤ ጁባ ላይ የአስተዳደር መመሪያ ሆነ። ያውም የሚበላው ለራሱ ብቻ ስላልሆነ፣ የማይበላ ሹም በዘመዶቹ ዘንድ እንደ ክፉ ሰው ይታያል።

ልብሱን የቀየረ ሌላ የመብያ መንገድም ነበረ። በ2008 መንግሥት ለክፉ ቀን የሚሆን ማሽላ ለመግዛትና መጋዘን ለመሥራት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ድርጅቶች ውል ሰጠ። ማሽላ በአካባቢው አጠራር ዱራ ስለሆነ ነገሩ የዱራ ቅሌት ተባለ። ገንዘቡ ወጣ፤ ብዙው እህል ግን አልደረሰም፤ ብዙው መጋዘንም አልተሠራም። ከድርጅቶቹ ውስጥ ውል እንኳ ሳይፈርሙ የተከፈላቸው እንደነበሩ በኋላ በተደረገ ምርመራ ታውቋል። የፀረ ሙስና ኮሚሽን የነበረ ቢሆንም ሥራውን በጀመረባቸው ዓመታት የመክሰስ ሥልጣን አልነበረውም።

ነፃነት ሲመጣ የነዳጁ ገቢ በሙሉ የደቡቡ ሆነ። የመንግሥት ገቢ 98 በመቶ ያህሉ ነዳጅ ነበር፤ ቧንቧው ግን በሱዳን በኩል ነው የሚያልፈው። በመተላለፊያ ክፍያ ከካርቱም ጋር ተጣሉና በጃንዋሪ 2012 ጁባ ነዳጁን ራሷ ዘጋችው። ከዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ። በዚያው 2012 ፕሬዚዳንት ኪር ከ75 ለሚበልጡ የቀድሞና የወቅቱ ባለሥልጣናት ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤው ሾልኮ ወጣና ዓለም አነበበው። 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል የት እንደገባ አይታወቅም ወይም ተሰርቋል ይላል፤ የወሰዳችሁትን መልሱ፣ ስማችሁ አይነሣም ይላል። አንድ ርዕሰ ብሔር በራሱ መንግሥት ላይ እንዲህ ያለ ምስክርነት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይታይም። ነገር ግን ደብዳቤው ማንንም ፍርድ ቤት አላቆመም። ልመና ብቻ ሆኖ ቀረ።

የአፍሪካ ቀንድን ፖለቲካ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አሌክስ ደ ዋል በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ቅደም ተከተል አሳይተዋል፤ ታማኝነትን በገንዘብ የገዛ መንግሥት ገንዘቡ ሲያልቅበት ታማኝነቱም ያልቅበታል። በእርግጥም ከነዳጁ መዘጋት በኋላ በገዢው ፓርቲ ውስጥ የመሪነት ፉክክሩ ከረረ። በጁላይ 2013 ኪር፣ ከ1991ዱ መሰንጠቅ በኋላ ተመልሰው ምክትላቸው የነበሩትን ሪክ ማቻርንና ካቢኔያቸውን በሙሉ በአንድ ቀን አሰናበቱ። ዲሴምበር 15 ምሽት ጁባ ላይ በፕሬዚዳንቱ ጠባቂ ክፍለ ጦር ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። በማግሥቱ ወታደሮች የኑዌር ሰፈሮችን ቤት ለቤት መፈተሽ ጀመሩ። ጉዴሌ በተባለው ሰፈር አንድ የፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ከ200 በላይ የኑዌር ወንዶች ታጉረው በመስኮት በጥይት ተደበደቡ። ብዙም ሳይቆይ በአጸፋው ቦር ላይ ዲንካዎች ታረዱ፤ በኤፕሪል 2014 ቤንቲዩ ላይ መስጊድ የተጠለሉ ሰዎች ተገደሉ። ጠቡ በፕሬዚዳንቱና በምክትላቸው መካከል ነበር፤ የሞተው ግን አንድም ቀን በጀት አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ጦርነቱ በፈነዳ በቀጣዩ ወር ድርድር አዲስ አበባ ሸራተን ሆቴል ተጀመረ። በአካባቢው አገሮች ድርጅት በኢጋድ ስም ዋናው አደራዳሪ አምባሳደር ሥዩም መስፍን ነበሩ። በጃንዋሪ 2014 አጋማሽ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ አዲስ አበባ ሲገቡ የሆቴሉ አዳራሾች በእንግዶቹ ተያዙና የደቡብ ሱዳን ተደራዳሪዎች ወደ ሆቴሉ የምሽት ጭፈራ ቤት ተዛወሩ። ቤንቲዩና ማላካል እየነደዱ ሳለ የአገሪቱ ዕጣ የሚያብረቀርቅ መብራት በተሰቀለበት የዳንስ ቤት ውስጥ ሲመከርበት ጋዜጠኞች እንደ ቀልድ ዘገቡት። ነገሩ ከቀልድ አልፎ ያሳየን አለ። ልዑካኑ ወራት በቆየው ድርድር ውስጥ ሲኖሩ ሆቴላቸውም አበላቸውም በለጋሾች ተሸፍኗል። ለመዘግየት ቅጣት የለም፤ እንዲያውም መዘግየት ይከፍላል። ቦር ላይ ቤቷ የተቃጠለባት እናት ግን ወንበር አልነበራትም። የሃይማኖት አባቶችና የሲቪል ማኅበራት ቢጋበዙም ቃላቸው ከታጣቂዎቹ ቃል እኩል አልተመዘነም።

በኦገስት 2015 ስምምነቱ ሲፈረም ዋናው ፍሬ ነገር ድርሻ ነበር፤ በማዕከላዊው መንግሥት 53 በመቶ ለገዢው፣ 33 በመቶ ለሪክ ማቻር ወገን፣ 7 በመቶ ጦርነቱ ሲጀመር ታስረው ለተፈቱት ፖለቲከኞች፣ 7 በመቶ ለሌሎች ፓርቲዎች። ኪር የፈረሙት የተቃውሞ ዝርዝር አያይዘው ነው። በኦክቶበር ደግሞ አሥሩን ክልሎች በአዋጅ 28 አደረጓቸው፣ በኋላም 32፤ አዲስ ክልል ማለት አዲስ አስተዳዳሪ፣ አዲስ ካቢኔ፣ አዲስ መኪና ማለት ነው። ሪክ ማቻር በኤፕሪል 2016 ጁባ ተመለሱ። በጁላይ 8፣ ሁለቱ መሪዎች ቤተ መንግሥት ውስጥ ለጋዜጣዊ መግለጫ ተቀምጠው ሳሉ፣ በር ላይ ጠባቂዎቻቸው ተታኮሱ። ማቻር በጫካ በኩል በእግር ኮንጎ ገቡ።

በሴፕቴምበር 12 ቀን 2018 አዲስ አበባ ላይ የታደሰው ስምምነት ተፈረመ። ካለፈው ስህተት ምን ተማሩ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ወንበር መጨመር ነው የምላችሁ። አምስት ምክትል ፕሬዚዳንቶች፣ 35 ሚኒስትሮች፣ 550 የምክር ቤት አባላት። ከ12 ሚሊዮን እምብዛም ለማይበልጥ ሕዝብ! አዲስ ተዋጊ ቡድን ሲመጣ ጠረጴዛው ይረዝማል፤ ምግቡ ግን ያው ነው።

ይሁንና ፍትሐዊ ልሁን። በዚህ ስምምነት ውስጥ የገንዘብ ጉዳይ ተረስቶ አይደለም። ምዕራፍ አራት ሙሉ በሙሉ ስለ ሀብት አስተዳደር ነው፤ የነዳጅ ገቢ ሁሉ በአንድ ሒሳብ እንዲገባ፣ ከዚያ ውጭ ያሉት ሒሳቦች እንዲዘጉ፣ ኦዲት እንዲደረግ ያዝዛል። ምዕራፍ አምስት በጦር ወንጀል የተጠረጠሩትን የሚዳኝ ፍርድ ቤት ከአፍሪካ ኅብረት ጋር እንዲቋቋም ይደነግጋል። የወንበር ድርሻውን የሚመለከተው ምዕራፍ፣ ቢዘገይም፣ ተፈጸመ። ፍርድ ቤቱ አልተቋቋመም፤ የሒሳቡ ምዕራፍም በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ። አስፈጻሚዎቹ የፈረሙት ሰዎች ራሳቸው ስለሆኑ የሚጠቅማቸውን መርጠው ፈጸሙ።

የሒሳብ ቁጥጥር ሲቀር ምን እንደሚያስከትል፣ አንዱን ከዚህ ስምምነት በፊት፣ ሌላውን ከእርሱ በኋላ በሆነ ምሳሌ ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ኤልሲ ነው፤ ባንክ ለአስመጪ ዋስ ሆኖ የሚከፍልበት ሰነድ፤ ነጋዴ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ከ2012 እስከ 2015 መንግሥት ምግብ፣ መድኃኒትና ነዳጅ እንዲገባ ከውጭ ባንኮች በተበደረው ገንዘብ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኤልሲ ለድርጅቶች ከፈተ። በዚያን ጊዜ የባንኩ ዋጋ አንድ ዶላር በ3 ፓውንድ ግድም ነበር፤ በዲሴምበር 2015 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ18 ፓውንድ በላይ አወጣ። ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። ዕቃውን ከማምጣት ዶላሩን መሸጥ ያዋጣል። በዚያው ጊዜ የተቋቋሙ፣ ሥራቸው የማይታወቅ ድርጅቶች ኤልሲ ሲያገኙ በሆስፒታል መደርደሪያ ላይ መድኃኒት ጠፋ።

ሁለተኛው የመንገድ ሥራ ነው። መንግሥት ነዳጅ በቀጥታ ለመንገድ ሥራ የሚውልበትን ፕሮግራም አወጀ። የተባበሩት መንግሥታት የደቡብ ሱዳን የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2025 ባወጣው ሪፖርት እንዳለው፣ ከ2021 እስከ 2024 ለዚህ ፕሮግራም 2.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጥቷል፤ ከዚህ ውስጥ 1.7 ቢሊዮኑ የት እንደገባ አይታወቅም። መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለውም። መንገዱ ግን ማስተባበያ አይጠይቅም፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። በዝናብ ወራት አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በመኪና አይደረስም፤ እህል በአውሮፕላን ከሰማይ ይጣላል። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በ2024 በሙስና ከመዘናቸው 180 አገሮች ደቡብ ሱዳን የመጨረሻዋ ነበረች።

በፌብሩዋሪ 2017 በዩኒቲ ክልል ሌርና ማየንዲት በተባሉ ወረዳዎች ረሃብ መግባቱ በይፋ ታወጀ። ዩኒቲ ማለት ያ በ1978 ነዳጅ የተገኘበት ምድር ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ሕጉ ከነዳጁ ገቢ 2 በመቶ ለአምራቹ ክልል፣ 3 በመቶ ደግሞ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ይላል፤ ነዋሪው ግን ጦርነትንና የተበከለ ውሃን ነው ያየው። አንድ የለንደን የሕክምና ትምህርት ቤት ጥናት ከዲሴምበር 2013 እስከ ኤፕሪል 2018 ድረስ ጦርነቱ ባይኖር የማይሞቱ ወደ 383,000 ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል። ግማሽ ያህሉ በጥይት አልሞቱም፤ በበሽታ፣ በረሃብ፣ ሐኪም በማጣት ነው። የተሰረቀ መድኃኒትና ያልተሠራ መንገድ የገደላቸው እነዚህን ነው።

አሁን አንድ ከባድ ተቃውሞ ላንሳ፤ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ እያሰባችሁት ይሆናል። «ሰው ከሚሞት ገንዘብ ቢሰረቅ አይሻልም? አዛዡ ቪላ ገዝቶ ዝም ቢል፣ መንደር ከሚያቃጥል ምን አለበት?» ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የ2006ቱን የጁባ መግለጫ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ኪር ያኔ ማቲፕን በደመወዝ ባይዙት ኖሮ ደቡቡ ነፃነቱን የወሰነበት ሪፈረንደም ላይ ሳይደርስ ሊፈርስ ይችል ነበር። ለሰላም ሲባል ለጊዜው ገንዘብ መክፈል በብዙ አገር የተደረገ ነገር ነው።

ነገር ግን የተገዛው ጊዜ ለምን ዋለ? ከ2006 እስከ 2012 በነበሩት ዓመታት ነዳጁ ሲፈስ ወታደሩን በስሙ መመዝገብ፣ ደመወዙን በቀጥታ መክፈል፣ የአዛዦችን ቁጥር መቀነስ ይቻል ነበር። ይህ ስላልሆነ የሰላሙ ዋጋ በየዓመቱ ጨመረ። የተከፈለው ሰው ሌላ ሰው እንዲሸፍት አስተማረ። ጠመንጃ ያላነሣ አርሶ አደር፣ ጠመንጃ ያላነሣ መምህር ምንም አላገኘም፤ የሸፈተ ተሾመ። ልጆች ይህን እያዩ ነው ያደጉት። ስለዚህ ስርቆቱ ለሰላም የተከፈለ ዋጋ ነው የሚለው ክርክር ለአንድ ሁለት ዓመት ይሠራል፤ ለአንድ ትውልድ ሲሆን የጦርነት ማምረቻ ይሆናል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። «እንግዲያው ሌቦቹን እንሰር» ማለትም ብቻውን አያድንም። በ2013 አጋማሽ፣ የፓርቲው ፉክክር በከረረበት ሰዓት፣ ሁለት ትልልቅ ሚኒስትሮች በሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር የብረት ካዝና ግዢ ተጠርጥረው ታገዱ። የክሱን እውነት ለፍርድ ቤት እንተወውና፣ የብዙ ሰው ጥያቄ «ለምን እነርሱ ብቻ? ለምን አሁን?» የሚል ነበር። ከ75 በላይ ሰው ደብዳቤ ደርሶት ሁለት ሰው ሲታገድ የፀረ ሙስና ዘመቻ የተቀናቃኝ መምቻ ይመስላል። በተከፋፈለ አገር ውስጥ ተመርጦ የሚከሰስ ሰው ብቻውን አይከሰስም፤ ወገኑ ሁሉ የተከሰሰ ይመስለዋል። ጉዳዩ ያኔ ከሒሳብ ወጥቶ የብሔር ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ከእስር ቤት በፊት የሚያስፈልገው ለሁሉም እኩል የተከፈተ መዝገብ ነው።

ታዲያ በዚያ ምድር ሌላ ዓይነት ሰላም ታይቶ ያውቃል? አዎን። በ1999 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ከዓባይ በስተ ምዕራብ ያሉ ዲንካዎችና ኑዌሮች ውንሊት በተባለች መንደር ተሰበሰቡ። የጠራቸው የአዲሲቱ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ነበር። የሣር አዳራሽ ተሠራ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ። አንድ ትልቅ ነጭ በሬ ታሰረ። ከዚያ አንዱ ወገን በደሉን በሙሉ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ሰማ፤ ቀጥሎ ተራው ተቀየረ። የሞቱት፣ የተዘረፈው ከብት፣ የተጠለፉት ሴቶችና ልጆች ተነሡ። ቃል ኪዳኑን ለማጽናት በሬው ታረደ፣ የሚያፈርሰውም ተረገመ። የስምምነቱ አንቀጾች ስለ ወንበር አይናገሩም፤ የተጠለፉት እንዲመለሱ፣ የግጦሽና የውሃ ቦታ ለሁለቱም እንዲከፈት፣ በወሰን ላይ የሚነሣ ጠብ በጋራ እንዲዳኝ ይላሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ወሰን ላይ ከብት ጠባቂዎች ለዓመታት ሳይፈሩ ተሰማርተዋል።

ውንሊት ፍጹም ነበር አልልም። ጄኔራሎችን ማሰር አልቻለም፤ ነዳጁም ሲመጣ ሌላ ኃይል መጣ። ግን ሁለት ነገር አሳይቷል። የተጎዱት ራሳቸው ተናጋሪ ሲሆኑ አጀንዳው ይቀየራል፤ እንዲሁም በአደባባይ የተቆጠረ ዕዳ ይከፈላል። ይኸው መንፈስ በ2020 በተጠናቀቀው ብሔራዊ ውይይትም ታየ። ውይይቱን የጠሩት ኪር ራሳቸው ሲሆኑ፣ ከየአካባቢው የተሰበሰበው ድምፅ ግን ኪርም ማቻርም ገለል ቢሉ ይሻላል ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ሕዝቡ ችግሩን አላጣውም ማለት ነው። ያጣው የሚሰማው ጠረጴዛ ነው።

ዛሬ ያለንበትን በአጭሩ ልናገር። በ2024 መጀመሪያ በሱዳን ጦርነት የተነሣ ዋናው ቧንቧ ተሰበረ፤ ገቢው አሽቆለቆለ፤ የመንግሥት ሠራተኛው ወራት ያለ ደመወዝ ሠራ። በማርች 2025 ናስር ላይ ውጊያ ተነሣ፣ ሪክ ማቻር በቁም እስር ዋሉ፣ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በአገር ክህደትና በግድያ ተከሰው ችሎት ቀረቡ። ምርጫው ደጋግሞ ተራዝሞ ለዲሴምበር 2026 ተቀጠረ። ልብ በሉ፤ እንደ 2013ቱ ሁሉ አሁንም ካዝናው የጎደለው አስቀድሞ ነው፣ ጠቡ የከረረው ኋላ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ውጭ አይደለንም። ከ400,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አገራችን ውስጥ፣ በአብዛኛው ጋምቤላ፣ በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በፑኝዶና በሌሎች ካምፖች ይኖራሉ። በኤፕሪል 2016 ከድንበር ማዶ የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ይዘው ሄደዋል። መንግሥት የሌለበት ድንበር ለማንም አይመችም። የጁባ ካዝና ሲዘረፍ ሒሳቡ እኛም ጋር ይደርሳል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚፈረመውን የመጠየቅ መብትም ግዴታም አለን።

ምን እንጠይቅ? ሦስት ነገር። አንደኛ፣ የነዳጅ ሽያጩ እያንዳንዱ ጭነት በስንት እንደተሸጠና በየትኛው ሒሳብ እንደገባ በየወሩ ለሕዝብ ይነገር፤ ነዳጁን አስቀድሞ በማስያዝ የሚወሰደው ብድርም እንዲሁ። ሁለተኛ፣ የወታደሩ ደመወዝ ከአዛዡ እጅ ይውጣ፤ በአካል ለተመዘገበ ሰው በቀጥታ ይከፈል። ጦር የመንግሥት የሚሆነው ደመወዙን ከማን እንደሚቀበል ሲያውቅ ነው። ሦስተኛ፣ የወንበር ድልድሉ የሚጸናው የሒሳቡ አንቀጽ ሲፈጸም ብቻ እንዲሆን ሁለቱ በአንድ ቀን መቁጠሪያ ይታሰሩ፤ ሚኒስትሩ ከመሾሙ በፊት መሥሪያ ቤቱ ኦዲት ይደረግ። እስከ ዛሬ ሹመቱ ይቀድማል፣ ኦዲቱ ይረሳል።

እነዚህን መጠየቅ አሸማጋዮቹን ያስቸግራል፤ ፈራሚዎቹ ይቆጣሉ፣ ድርድሩ ይዘገያል፣ ለጋሹም «መጀመሪያ ተኩሱ ይቁም» ይላል። እውነት ነው፣ ተኩሱ ይቁም። ነገር ግን በ1972፣ በ2005፣ በ2015፣ በ2018 «ሒሳቡ ይቆየን» ተብሎ ነው እዚህ የደረስነው። ለአዛዦች ወንበር ከመቆጠሩ በፊት ለወታደሩ፣ ለነርሷና ለመምህሩ ደመወዝ የሚወጣበት መዝገብ ካልተከፈተ፣ አምስተኛውም ፊርማ የሚቀጥለው ጦርነት ቀጠሮ ነው።